ደህና የመሰለች ቀን ነው መጠንቀቅ፦ አጥንቷ ስለተሰበረ ግልገል ድመት

(ይህ የቤት እንስሳት ለሚያሳድጉ ሰዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎች ግን አልተውኳቸውም።)

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስገባ በሩ ላይ አንዲት እናት አስቆሙኝ። «ግልገሌ ከትናንት ማታ ጀምሮ የኋላ እግሯን መሬት አታስነካም። ግን ትበላለች። ልጠብቅ ወይስ ልውሰዳት?» አሉኝ። የመለስኩላቸውን ለሁላችሁም ልድገመው። አይጠብቁ። ድመት ስለበላች አጥንቷ ደህና ነው ማለት አይደለም። እግሯን ጨርሶ የማትረግጥበት ግልገል ዛሬውኑ መታየት አለባት። እኚህ እናት አሁን እዚህ የሉም። ሐኪም ጋ ሄደዋል። ደስ ብሎኛል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጌታ ያጡ ግልገሎችን ቤቴ አምጥቼ የማሳድግ ሰው ነኝ። እግራቸው፣ ዳሌያቸው፣ መንጋጋቸው የተሰበረ አስታምሜያለሁ። የማወራችሁ ከእንስሳት ሐኪሞች የተማርኩትንና ራሴ ተሳስቼ ያየሁትን ነው። አንዱን ስህተቴን ዛሬ ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

ዳማ ትባላለች። የአራት ወር ግልገል ነበረች። ክብደቷ ሁለት ኪሎ አይሞላም። መስኮት ክፍት ትቼ ወደ ሌላ ክፍል ገባሁ። ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀች። ሮጬ ስደርስ አጥር ሥር ተቀምጣለች። አልጮኸችም። ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ቀኝ የኋላ እግሯ ግን ያለቦታው ዞሯል።

ያ ዝምታ ብዙ ሰው ያታልላል። «አልጮኸችም፣ እንግዲያው አላመማትም» እንላለን። ድመት ግን ሕመሟን ትደብቃለች። ሰው ደግሞ «ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት» ይላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ከፎቅ ወድቀው ወደ አንድ የእንስሳት ሆስፒታል ስለመጡ 132 ድመቶች ነው። ከታከሙት 90 በመቶ ያህሉ ተርፈዋል። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ በየቦታው ይነገራል። እኔ ግን «ከታከሙት» የምትለዋን ቃል አስምሩባት እላለሁ። ደግሞ እዚያው ጥናት ውስጥ ደረታቸው የተጎዳ ድመቶች እግራቸው ከተሰበረው በጣም ይበልጡ ነበር።

ስለዚህ የወደቀች ግልገል ላይ መጀመሪያ የሚታየው ትንፋሿ ነው። እግሩ ይቆያል። ጋደም ያለች ጤነኛ ድመት በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ እምብዛም አትተነፍስም። ከ40 ካለፈ፣ ወይም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ጊዜ የለም። ቀጥሎ ከንፈሯን ቀስ ብላችሁ ገልጣችሁ ድዷን እዩ። ሮዝ መሆን አለበት። ከነጣ፣ መዳፎቿም ከቀዘቀዙ፣ ውስጥ ውስጡን ደም እየፈሰሳት ሊሆን ይችላል።

እግሩን ለማቃናት አትሞክሩ። በእንጨትና በጨርቅ አታስሩት። ይህን የምለው ብዙ ደግ ሰው ስለሚያደርገው ነው። ግልገሏ ትታገላለች፣ እናንተ ትይዟታላችሁ፣ ስለታሙ የአጥንት ጫፍ ደግሞ ውስጥ ሥጋውን ይቆርጣል። ቆዳውን በስቶ ሊወጣም ይችላል። አጥንቱ ቀድሞውኑ ወጥቶ ከሆነ በንጹሕ ጎዝ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ቅባት የለም፣ አልኮል የለም፣ መልሶ መክተት የለም።

ስታነሷት አንድ እጃችሁ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከዳሌዋ ሥር ይሁን። የምትወዳችሁ ድመት እንኳ ሲያማት ትነክሳለች። አትቀየሟት፣ በወፍራም ፎጣ ሸፍናችሁ አንሷት። ከላይ የሚከፈት ካርቶን ከጠባብ መያዣ ይሻላል። በር ላይ ተጎትታ ከምትወጣ ከላይ ብትነሳ ይሻላታል። ግልገል ቶሎ ይበርዳታል። ስለዚህ ፎጣውን እላይዋ ላይ ተዉት።

አሁን የምናገረውን እባካችሁ ጻፉት። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ለድመት አትስጡ።

ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት ከሌላ ነገር ጋር አጣምሮ በሽንት የሚያስወጣበት መንገድ አለው። የድመት ጉበት ላይ ይህ መንገድ በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መርዝ ይቀየርና ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያበላሻል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ይሆናል። ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ። ሁለት ኪሎ ለማትሞላ ግልገል የባለ 500 ሚሊግራሙ ፍሬ ሩቡ እንኳ ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጎዳሉ። አስፕሪን ከሰውነቷ ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል።

ሳያውቅ የሰጠ ሰው እዚህ ካለ አይፈር። በፍቅር ያደረገው ነው። ግን ሐኪሙ ጋ ሲደርስ አይደብቅ። ለፓራሲታሞል ማርከሻ አለ። የሚሠራው ግን በቶሎ ሲሰጥ ነው። በሰዓታት ውስጥ።

ለድመት የሚሆን ማስታገሻ ደግሞ አለ። ሐኪሙ መዝኗት፣ ዕድሜዋን አይቶ፣ ኩላሊቷን አስቦ ያዛል። «ማስታገሻ ከወሰደች እግሯን ትረግጥበታለች፣ ሕመሙ ይያዛት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። አልስማማም። ሕመም ግልገልን አደብ አያስገዛትም። ምግብ ያስጠላታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል፣ ሰው ያስፈራታል። እንዳትንቀሳቀስ የሚያደርጋት ሕመም መሆን የለበትም። የእኛ ሥራ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ እግሩን ትቶ ደረቷን ቢያዳምጥ አትናደዱ። እኔ ተናድጄ ነበር። «እግሯ ነው እኮ የተሰበረው!» ብዬ ጮኽኩ። በትዕግሥት አስረዱኝ። ከፎቅ የወደቀች ወይም መኪና የገጫት ድመት ሳንባዋ ዙሪያ አየር ሊጠራቀም ይችላል። ድያፍራሟ፣ ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ሊቀደድ ይችላል። የሽንት ፊኛዋ ሊፈነዳ ይችላል። እነዚህ ሳይታዩ ማደንዘዣ መስጠት ሞት ሊያመጣ ይችላል። የተሰበረ አጥንት አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ይችላል። ዳማም በመጀመሪያው ቀን ያገኘችው ኦክስጅን፣ ግሉኮስና ማስታገሻ ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ሆነ።

ጭራዋ ከተንጠለጠለና ካልታዘዘላትም ተናገሩ። ጭራ ሲጎተት ወደ ፊኛ የሚሄዱት ነርቮች አብረው ሊጎዱ ይችላሉ። ጭራው ያልዳነ ድመት ይኖራል። ሽንት መሽናት ያቃታት ግን አትኖርም።

ራጅ ሲነሳ ጤነኛው እግርም አብሮ ሊነሳ ይችላል። ብክነት አይደለም። በግልገል አጥንት ጫፍ አካባቢ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ንብርብር አለ። ይህ ንብርብር ገና አጥንት ስላልሆነ ራጅ ላይ እንደ ጥቁር መስመር ይታያል። ቁርጥ ስንጥቅ ነው የሚመስለው። ግራና ቀኙን ጎን ለጎን አስተያይቶ ካልሆነ የቱ ስብራት፣ የቱ ዕድገት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ያ መስመር ከአጥንቱ ሁሉ ደካማው ቦታ ነው። ትልቅ ድመት ላይ ጅማት የሚበጥስ ኃይል ግልገል ላይ ይህን መስመር ይለያየዋል። የዳማም ስብራት ከጉልበቷ በላይ፣ ልክ እዚያ መስመር ላይ ነበር። ሳልተርና ሃሪስ የተባሉ ሁለት ካናዳውያን ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 እንዲህ ያለውን ስብራት በአምስት ዓይነት ከፍለውት ነበር። ያወጡት ለሰው ልጆች ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ዛሬም በዚያው ይጠቀማሉ። ዓይነቱን ማወቁ የሚጠቅመው እግሩ ወደፊት ማደግ ይቀጥላል ወይስ ያጥራል የሚለውን ለመገመት ነው። የድመት አጥንት ማደጊያዎች አንዳንዶቹ በአራት በአምስት ወር ይዘጋሉ። የመጨረሻዎቹ አንድ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ዳማ ገና ማደግ ነበረባት።

አሁን ወደሚያስደስተው ላምጣችሁ። ግልገል አጥንቷ ይገጥማል። በጣም ቶሎ ነው የሚገጥመው። ከስብራቱ ዙሪያ የፈሰሰው ደም ይረጋል። በቀናት ውስጥ ለስላሳ ሥጋ መሰል ነገር ይተካዋል። ከዚያ ካልሲየም እየገባበት ይጠነክራል፣ ሁለቱን ጫፎች እንደ ድልድይ ያያይዛል። ሦስት ወር ያልሞላት ግልገል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ አጥንቷ ሊያያዝ ይችላል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ላለች ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ዓመት ያለፋት ድመት ግን ከ7 እስከ 12 ሳምንት ትጠብቃለች። እንደ ስብራቱና እንደ ሕክምናው ይለያያል።

ፍጥነቱ ራሱ ግን ችግር አለው። ጠማማ የተቀመጠ አጥንትም በዚያው ፍጥነት ጠማማ ሆኖ ይገጥማል። ጡንቻው ደግሞ በቀናት ውስጥ ያጥርና ጫፎቹን ይጎትታቸዋል። «እስቲ አንድ ሳምንት እንያት» ያልናት ግልገል ሳምንቱ ሲያልቅ ቀላሉ ዕድል አልፏታል። በር ላይ ላስቆሙኝ እናት «አይጠብቁ» ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ ሕክምናው ዓይነት ብዙ አልልም። ምርጫው የሐኪሙ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ጀሶ ለሁሉም ስብራት አይሆንም። ጀሶ እንዲሠራ ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ መያዝ አለበት። ከክርንና ከጉልበት በታች ላለ ስብራት ይቻላል። የጭን አጥንት ላይ ግን የላዩ መገጣጠሚያ ዳሌ ነው፣ እሱን በጀሶ መያዝ አይቻልም። ጀሶው ጫፉ ላይ ከብዶ ስብራቱን ጭራሽ ያወዛውዘዋል። ከዚህም የባሰ አለ። የግልገል የጭን አጥንት ተሰብሮ እግሩ ተዘርግቶ ከታሰረ የፊተኛው የጭን ጡንቻ ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉልበቷ መታጠፍ ያቆማል። እግሩ እንደ ዱላ ይቀራል። ከዚያ መመለስ በጣም ከባድ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች ለእንዲህ ያለው ስብራት ሽቦ፣ ብሎን ወይም ፕሌት (አጥንቱ ላይ የሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት) የሚመርጡት። ዳማ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ገቡላት። የዳሌ ስብራት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና በዕረፍት ብቻ ይድናል።

ዕረፍት። አዎ። አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

ግልገልን ለአራት ሳምንት ማሳረፍ ከቀዶ ሕክምናው ይከብዳል። ሐኪሙ የሚሠራው አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ቀሪውን የምንሠራው እኛ ነን፣ ያውም መሮጥና መዝለል ሥራዋ ከሆነ ፍጡር ጋር።

ኬጅ፣ ማለትም በር ያለው የሽቦ ቤት፣ ያስፈልጋል። ለመካከለኛ ውሻ የሚሠራው፣ ርዝመቱ 90 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው፣ ይበቃል። ቆማ፣ ዞራ፣ ተዘርግታ የምትተኛበት ይሁን። ግን ለመዝለል አይመች። መደርደሪያ፣ መንጠላጠያ፣ መሰላል ያለበትን አትምረጡ፣ ካለው አውጡት። «መታጠቢያ ቤት ብዘጋባትስ?» ትሉኛላችሁ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የገንዳ ጠርዝ አለ፣ መጸዳጃ አለ፣ የሚያንሸራትት ወለል አለ። አይሆንም።

ከሥር የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፉ፣ ከላዩ ፎጣ። አንዱ ጥግ ላይ አፉ ወደ ጎን የሆነ ትንሽ ካርቶን አስቀምጡላት። ድመት የምትደበቅበት ካላገኘች አታርፍም። የካርቶኑ ጣሪያ ላይ እንዳትወጣ ግን አጭር ይሁን፣ ወይም ከኬጁ ጣሪያ ጋር ይግጠም። ኬጁን ሰው ካለበት ክፍል አታርቁት። የኬጁን ግማሽ በጨርቅ ሸፍኑት። ሰው ማየት ስትፈልግ ታያለች፣ ካልፈለገች ዞር ትላለች።

የመጸዳጃ ሳህኗ ጠርዙ ዝቅ ያለ ይሁን። የምግብ ትሪ ያህል። እግሯ የተሰበረ ግልገል ከፍ ያለ ጠርዝ ተሻግራ መግባት ያማታል፣ ስለዚህ ትይዘዋለች። ቁስል ካላት በአሸዋ ፋንታ የተቆራረጠ ወረቀት ይሻላል፣ አሸዋ ቁስል ውስጥ ይገባል። በየቀኑ ሽንቷን እዩ። 24 ሰዓት ሙሉ ካልሸናች ደውሉ። ዓይነ ምድር ላይ አንድ ሁለት ቀን መዘግየት ያጋጥማል። ስታምጥ ካያችሁ ግን ዝም አትበሉ፣ በተለይ የዳሌ ስብራት ካለባት።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ።

ዳማ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሦስት ቀን ተኛች። በአምስተኛው ቀን እግሯን መሬት ማስነካት ጀመረች። በዘጠነኛው ቀን ቀጥ ብላ ቆማ የኬጁን ሽቦ እየቧጨረች ትጮህብኝ ነበር። የኬጁን ወለል ከዳር ዳር ትመላለሳለች። ማነከሷ እንኳ አይታይም። ዳነች አልኩ። አንጀቴ አልቻለም። «አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እኔ አጠገቧ ነኝ» ብዬ በሩን ከፈትኩ።

ወለሉ ላይ ሦስት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ወንበር ላይ ዘለለች። እጄን ለመዘርጋት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። ወጣች፣ ከዚያ መልሳ ወረደች። ስትወርድ አንድ ድምፅ አሰማች። የዚያን ዕለት ከመስኮቱ ስትወድቅ ያላሰማችውን።

ከሁለቱ ብረቶች አንዱ ተንሸራቶ ነበር። እንደገና ማደንዘዣ፣ እንደገና ቢላዋ። ሐኪሟ አልተቆጡኝም። የነገሩኝን ግን ዛሬም አልረሳውም። በዘጠነኛው ቀን አጥንቱን ያያያዘው ለስላሳ ነገር ሕመሙን ለማስታገስ ይበቃል፣ ክብደት ለመሸከም ግን አይበቃም አሉኝ። ግልገሏ ሕመሟ ሲቀንስ ዳንኩ ብላ ታስባለች። አጥንቷ ግን ገና ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ በጣም አደገኛው ነው። ደህና የመሰለች ቀን።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አወጣሁ። በሩን የሚከፍተው ራጅ ነው። የእኔ አንጀት አይደለም፣ የእሷ ጩኸትም አይደለም። ለግልገል ብዙ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ራጅ ይነሳል። እስከዚያ ኬጅ ነው።

ግን አራት ሳምንት ለግልገል ረጅም ዕድሜ ነው። ሰውን የምትለምድበት፣ ዓለምን የምታውቅበት ጊዜዋ ነው። እሷን ዘግቶ መርሳት አይቻልም። ብዙ አጫጭር ጉብኝት አድርጉ። በሩን ከፍታችሁ እጃችሁን አስገቡ፣ አገጯን እከኩላት። ምግቧን በሳህን ብቻ አትስጧት። ካርቶን ቀዳችሁ በቀዳዳው እየሳበች እንድታወጣ አድርጉ፣ አእምሮዋ ይደክማል። የሚያስዘልል መጫወቻ፣ ላባ በክር፣ የሚሮጥ ብርሃን አይሆንም። ሌላ ድመት ቤት ካለ ሽቦው አጠገብ መጥቶ ይተኛ፣ ውስጥ አይግባ።

ሐኪሙ የእግር እንቅስቃሴ ካዘዘ አትዝለሉት። ለዳማ በቀን ሦስት ጊዜ ጉልበቷን ቀስ አድርጌ አጥፌ መዘርጋት ነበረብኝ፣ በየጊዜው አሥር ጊዜ። ያ ጡንቻ እንዳይጣበቅ ነው። እንዴት እንደሚደረግ እዚያው ፊታቸው አሠርተው ያሳዩአችሁ። በወሬ አይማሩትም።

ጀሶ ወይም ፋሻ ላለባት ደግሞ በቀን ሁለቴ ጣቶቿን እዩ። ከፋሻው ጫፍ ሁለቱ መሃለኛ ጣቶች ብቅ ይላሉ። ጥፍሮቻቸው ተቀራርበው ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ከተራራቁ እግሩ ውስጥ አብጧል ማለት ነው። ከቀዘቀዙም መጥፎ ነው። አሽትቱት፣ ክፉ ሽታ ካለው አትጠብቁ። ከረጠበ መቀየር አለበት። እቤት በማድረቂያ አድርቆ መተው አይሠራም፣ ከሥሩ ቆዳው ይበሰብሳል። አንድ ቀን ልክ የነበረ ፋሻ ለምታድግ ግልገል በሳምንቱ ይጠብባታል። ስለዚህ ቀጠሮ አታሳልፉ። ስትልሰው ካያችሁ አንገቷ ላይ የሚደረገውን ክብ መከላከያ አድርጉላት። «ታሳዝናለች» ብላችሁ አታውልቁት።

ሕመሟን በምን ታውቃላችሁ? በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የድመትን ፊት አይቶ ሕመም የሚለካበት ዘዴ አሳትመዋል። አምስት ነገር ይታያል። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ተለያይተው ዞረዋል? ዓይኖቿ ጠበዋል? አፍንጫና አፏ አካባቢ ተወጥሯል? ጢሟ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ቆሟል? ጭንቅላቷ ከትከሻዋ በታች ወርዷል? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል። ድምሩ ከ10 ወደ 4 ከደረሰ ማስታገሻ ያስፈልጋታል። ጠዋትና ማታ ፊቷን ፎቶ አንሱ፣ አስተያዩ። ደረቷ ውስጥ ኩርርር ማለቷ አያታልላችሁ። ድመት ደስ ሲላት ብቻ ሳይሆን ሲያማትና ስትፈራም እንደዚያ ትላለች። ዳማ የመጀመሪያውን ሌሊት ሙሉ ኩርርር ስትል ነው ያደረችው።

ሌላ አንድ ነገር አለ። ሳልናገረው ብሄድ ይቆጨኛል።

አንዳንድ ግልገል ሳትወድቅ ትሰበራለች። ከሶፋ ወረደች፣ እግሯ ተሰበረ። ወይም መራመድ ያማታል፣ ወገቧ ይጎብጣል፣ መጫወት ትታለች። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ «ምን ትበላለች?» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «ሥጋ ብቻ፣ ምርጥ ሥጋ!» ይሆናል። በፍቅር ነው። ቀይ ሥጋ ውስጥ ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ 15 እጥፍ ይበልጣል። ጉበት ላይ ይብሳል። ለምታድግ ግልገል ሁለቱ እኩል አካባቢ መሆን አለባቸው። የደሟ ካልሲየም ሲያንስ አንገቷ ላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ከአጥንቷ መበደር ይጀምራሉ። በሳምንታት ውስጥ አጥንቷ እንደ ወረቀት ይሳሳል። እንዲህ ያለ አጥንት ላይ ብሎን ቢገባም አይይዝም። መድኃኒቱ ለግልገል ድመት ተብሎ የተዘጋጀ የተመጣጠነ ምግብና የኬጅ ዕረፍት ነው። በራሳችሁ ካልሲየም ገዝታችሁ አትጨምሩ። የበዛ ካልሲየምም የራሱ ጉዳት አለው። ወተትም አይተካውም፣ ጡት የጣለች ብዙ ግልገል ላም ወተት ያስቀምጣታል።

እሺ፣ ጥያቄዎች።

አንድ ወጣት «ሐኪሙ እግሯን እንቁረጠው ብለዋል። ጨካኝ መስሎኝ ከዚያ ወጣሁ። ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ይገባኛል። አንዳንዴ አጥንቱ ተፈጭቷል፣ ነርቩ ተበጥሷል። ወይም የቀዶ ሕክምናው ወጪ ከአቅም በላይ ነው። ይህንንም ማፈር የለብንም። በሦስት እግር የሚኖሩ ድመቶች አሉኝ። አንዷ በሳምንቱ ትራመድ ነበር፣ በወሩ ትሮጣለች። ድመት የጎደላትን እግር ቆማ አታዝንበትም። ከማይድን የሚያም እግር ጋር መኖር ነው ጭካኔው። ሌላ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ ግን መብትህ ነው፣ ጠይቅ። ሳትዘገይ ብቻ።

ሌላ ሰው ብረቱ ለዘላለም ይቀመጣል ወይ አሉ። እንደ ቦታው ነው። በምታድግ ግልገል ማደጊያ መስመር ውስጥ ያለፈ ብረት አንዳንዴ ሲገጥም ይወጣል። የዳማ አንዱ ወጣ፣ አንዱ አለ። አያስቸግራትም።

የመጨረሻውን የጠየቀችኝ ከእናቷ ጋር የመጣች ልጅ ናት። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። «ኬጅ ውስጥ ስለዘጋኋት ትጠላኛለች?» አለችኝ።

እንዲህ አልኳት። የእኔ ማሬ፣ ትናደድብሽ ይሆናል። ዳማ ሁለት ቀን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኝታለች። ስለዚህ አንድ ብልሃት አለ። መድኃኒት የሚሰጣት እማማ ትሁን፣ ሁልጊዜ በፎጣ ይዛ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ። አንቺ ደግሞ ምግብ ይዘሽ የምትመጪው ሁኚ። ስትሄጂባት መጀመሪያ ስሟን ጥሪ፣ ከዚያ እጅሽን ሽቦው አጠገብ አድርጊና ጠብቂ። አታንሻት። አፍንጫዋን እሷ ራሷ ታስጠጋለች።

ልጅቱ «ስንት ቀን ልጠብቅ?» አለች።

ዳማን ሦስት ቀን ጠብቄያታለሁ፣ አልኳት።